ተደራራጊ ግሥና የሁለት ሩቅ አገሮች ታሪክ

በዚህ ትምህርት ሁለት ነገሮችን አጣምረን እናጠናለን። አንደኛው ከአምስቱ አዕማደ ግሥ መካከል ተደራራጊ የሚባለው ነው፤ ሁለተኛው ስለ አገሮች ግንኙነት የሚጻፍ ገላጭ ድርሰት ነው። ሁለቱ ያለ ምክንያት አልተጣመሩም። «ስለ ሁለት አገሮች ግንኙነት ድርሰት ጻፉ» የተባለ ተማሪ ገና ብዕሩን ሲያነሣ፣ «ተወዳጁ»፣ «ተዋዋሉ»፣ «ተገበያዩ»፣ «ተረዳዱ» የሚሉት ግሦች ሳይጠሩ ይመጡለታል። ግሦቹ መልካም ናቸው። ነገር ግን ባልተጠነቀቀ ጸሐፊ እጅ ሲገቡ ከሚገልጡት ይልቅ የሚሸፍኑት ይበዛል።

የዚህ ትምህርት አዘጋጅ በማስተማር ሥራ ላይ በነበረበት ጊዜ፣ አንድ ተማሪ ስለ ኢትዮጵያና ስለ ጃፓን የጻፈውን ድርሰት አርሞ ነበር። «ሁለቱ አገሮች» የሚለው ሐረግ በአንዲት ገጽ ላይ ዐሥራ አንድ ጊዜ ተጽፏል። ሁለቱ አገሮች ተዋወቁ፤ ሁለቱ አገሮች ተስማሙ፤ ሁለቱ አገሮች ተገበያዩ። የሸጠው ማን እንደ ነበረ፣ የገዛውስ ማን እንደ ነበረ፣ ከመርከቡ የወረደው ዕቃ ምን እንደ ሆነ ግን አንድም ቦታ አልተነገረም። በድርሰቱ ውስጥ የሰዋስው ስሕተት አልነበረም፤ አንባቢው ግን ምንም ነገር ሳያውቅ ይጨርሰው ነበር።

ስለዚህ የዚያኑ ተማሪ ርእስ ወስደን ምንባቡን አዘጋጅተናል። በጥሞና አንብቡት። ስታነቡም በ«ተ» የሚጀምሩትን ግሦች በእርሳስ አስምሩባቸው፤ ወደ በኋላ እንመለስባቸዋለን። በምንባቡ ያሉት ዓመታት ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ሀ. ምንባብ

ኢትዮጵያና ጃፓን

ከአዲስ አበባ እስከ ቶኪዮ ያለው ርቀት በአየር እንኳ ከ10 ሺህ ኪሎ ሜትር ይበልጣል። በቋንቋ፣ በሃይማኖትና በአመጋገብ የማይመሳሰሉ፣ ድንበር የማይዋሰኑ፣ በታሪክም ለብዙ ዘመን ያልተገናኙ ሕዝቦች የሚኖሩባቸው አገሮች ናቸው። ሆኖም በሃያኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ ጥቂት የኢትዮጵያ ምሁራን ዐይናቸውን ወደ ጃፓን አቀኑ። ምክንያቱ ግልጽ ነበር። ኢትዮጵያ በ1888 ዓ.ም. በዐድዋ የጣሊያንን ጦር ድል ነሥታለች፤ ጃፓንም በ1897 ዓ.ም. የሩሲያን የባሕር ኃይል በቱሺማ ወሽመጥ ሰብራለች። ሁለቱም የአውሮፓን ኃያል ጦር ያሸነፉ፣ ሁለቱም በንጉሠ ነገሥት የሚተዳደሩ አገሮች ነበሩ። ይሁን እንጂ አንድ ትልቅ ልዩነት ነበር። ጃፓን ከ1860 ዓ.ም. የሜጂ ለውጥ በኋላ በአንድ ትውልድ ዕድሜ ውስጥ ባቡሩንም፣ ፋብሪካውንም፣ ትምህርት ቤቱንም፣ መርከቡንም በራሷ እጅ ለመሥራት በቅታለች። ኢትዮጵያ ግን ገና የባዕድ ጠመንጃ፣ የባዕድ ጨርቅና የባዕድ መሐንዲስ ትጠብቅ ነበር። «እነርሱ እንዴት ቻሉ? እኛስ እንዴት እንችላለን?» የሚለው ጥያቄ የዚያን ዘመን ምሁራን እንቅልፍ የነሣ ጥያቄ ነበር። ከዚህም የተነሣ የኋላ ዘመን የታሪክ ጸሐፊዎች እነዚህን ምሁራን በጃፓን ስም እስከ መጥራት ደርሰዋል።

ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የዘውድ በዓል ሲከበር፣ በቱርክ የጃፓን አምባሳደር የነበሩት ኢሳቡሮ ዮሺዳ አገራቸውን ወክለው አዲስ አበባ ተገኙ። በሚቀጥለው ወር፣ በኅዳር፣ ኢትዮጵያና ጃፓን የወዳጅነትና የንግድ ውል ተዋዋሉ። በሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. የወጣውም የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት፣ ጃፓን በ1881 ዓ.ም. ካወጣችው ሕገ መንግሥት ብዙ ነገር የቀሰመ ነበር። ያን ረቂቅ ያዘጋጁት በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ነበሩ።

በ1924 ዓ.ም. መጀመሪያ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ፣ ልጅ አርአያ አበበን፣ ልጅ ተፈሪ ገብረ ማርያምንና አቶ ዳባ ብሩን አስከትለው ወደ ጃፓን ተጓዙ። ሳምንታት ከፈጀ የባሕር ጉዞ በኋላ ጃፓን ደርሰው፣ በንጉሠ ነገሥት ሂሮሂቶ ዘንድ ቀርበው የንጉሠ ነገሥታቸውን መልእክት አደረሱ። ከዚያም ከተሞችንና ፋብሪካዎችን እየተዘዋወሩ ጎበኙ። በሄዱበት ሁሉ የተደረገላቸው አቀባበል እጅግ የደመቀ ነበር። ብላቴን ጌታ ያዩትን ሁሉ «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» በተባለ መጽሐፍ ጽፈው በዚያው በ1924 ዓ.ም. አሳተሙት፤ ከሁለት ዓመት በኋላም መጽሐፉ ወደ ጃፓንኛ ተተረጐመ። አንድ የኢትዮጵያ መጽሐፍ በዚያ ዘመን በሩቅ ምሥራቅ ቋንቋ መነበቡ ቀላል ነገር አይደለም።

እዚህ ላይ አንባቢ ልብ ሊለው የሚገባ አንድ ነገር አለ። መልእክተኞቹ ለጉዞ በሚሰናዱበት ወር፣ በመስከረም 1924 ዓ.ም.፣ የጃፓን ጦር የቻይና ግዛት የሆነችውን ማንቹሪያን መውረር ጀምሮ ነበር። ከአውሮፓ ወራሪዎች ያዳነችው ጃፓን በእስያ ራሷ ወራሪ ሆና ነበር። በጉዞው ሰሞን የአቀባበሉ ድምቀት ያን ወሬ ሸፈነው። ቆይቶ ግን የኢትዮጵያንም ዕድል የሚነካ ጉዳይ ሆነ።

ወደ ንግዱ እንመለስ። ከጃፓን ወደ ኢትዮጵያ የሚመጣው ዋናው ሸቀጥ የጥጥ ጨርቅ፣ ይልቁንም አቡጀዲ ነበር። አቡጀዲ ቀድሞ በብዛት የሚመጣው ከአሜሪካ ሲሆን፣ በ1920ዎቹ ግን ጃፓን ሠራሹ በርካሽነቱ ገበያውን ያዘው። የርካሽነቱ ምክንያት አንድ ብቻ አልነበረም። የጃፓን ፋብሪካዎች አዳዲስ መኪናዎች ነበሯቸው፤ ለሠራተኞቻቸውም የሚከፍሉት ደመወዝ ከአውሮፓ ያነሰ ነበር። በዚህም ላይ በታኅሣሥ 1924 ዓ.ም. ጃፓን ገንዘቧን ከወርቅ ጋር ያስተሳሰረውን ሥርዓት ስትተው፣ የየን ዋጋ ወረደ፤ የየን ዋጋ ሲወርድም በየን የሚሸጠው ጨርቅ ለውጭ ገዢ ሁሉ ረከሰ። ኪሱ በሳሳበት በዚያ የዓለም የኢኮኖሚ ውድቀት ዘመን፣ በማርትሬዛ ብር የሚገበይ አንድ የኢትዮጵያ ገበሬ ከሁለት አቡጀዲ አንዱን ሲመርጥ ምን እንደሚያደርግ መገመት አያስቸግርም።

ይሁን እንጂ ገበሬውና የጃፓኑ ፋብሪካ ፊት ለፊት አልተያዩም። ጨርቁ ከባሕር ማዶ መጥቶ ጅቡቲ ይራገፋል፤ ከዚያም በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ በደረሰው የባቡር ሐዲድ ወደ መሐል አገር ይገባል። በመካከል የሕንድ፣ የዐረብ፣ የግሪክና የአርመን ነጋዴዎች ሁለቱን አገሮች ያገበያዩ ነበር። ኢትዮጵያ በበኩሏ ቡናና ቆዳ ለዓለም ገበያ ታቀርብ ነበር፤ ጃፓን ግን ከዚህ የምትገዛው እጅግ ጥቂት ነበር። ጨርቁ ከምሥራቅ ይመጣል፤ ቡናው ወደ ሌላ አቅጣጫ ይሄዳል። ንግዱ አንድ እግር ነበረው ብንል አላጋነንም።

ይህ ባለ አንድ እግር ንግድ በአውሮፓ ጋዜጦች ላይ ግን እንደ ትልቅ አደጋ ይጻፍ ነበር። በተለይ የጣሊያን ጋዜጦች፣ ጃፓን በኢትዮጵያ ሰፊ የጥጥ መሬት ተረከበች፤ ሰፋሪዎችንም ልታመጣ ነው እያሉ ያስወሩ ነበር። ወሬውን ያጋጋለው አንድ የጋብቻ ጉዳይ ነው። ከብላቴን ጌታ ኅሩይ ጋር ጃፓንን አይተው የተመለሱት ልጅ አርአያ አበበ፣ ጃፓናዊት ለማግባት ፈለጉ፤ ኩሮዳ ማሳኮ የተባለች የመኳንንት ልጅም ታጨች። ነገሩ በዓለም ጋዜጦች ዘንድ ብዙ ካስጻፈ በኋላ በ1926 ዓ.ም. ፈረሰ፤ ሁለቱ ወጣቶች ሳይጋቡ ቀሩ።

በሐምሌ 1927 ዓ.ም.፣ የጣሊያን ጦር በኤርትራና በሶማሊያ በሚከማችበት ጊዜ፣ በሮም የጃፓን አምባሳደር የነበሩት ሱጊሙራ ዮታሮ፣ አገራቸው በኢትዮጵያ ጉዳይ ጣልቃ የመግባት አሳብ እንደሌላት ለሙሶሊኒ ነገሩት። በጃፓን ብዙ ሰዎች በዚህ ተቈጡ። ለኢትዮጵያ ያላቸውን ፍቅር በደብዳቤና በሰልፍ የገለጡ፣ ዘምተን እንዋጋ ያሉም ነበሩ። የጃፓን መንግሥት የአምባሳደሩን ንግግር ለማለዘብ ሞከረ፤ ፖሊሲውን ግን አልለወጠም። አቶ ዳባ ብሩ ርዳታ ለመጠየቅ እንደ ገና ወደ ቶኪዮ ተላኩ። የሚፈለገው ርዳታ አልመጣም። በመስከረም 1928 ዓ.ም. ጣሊያን ወረረች፤ ሚያዝያ 27 ቀን ጦሯ አዲስ አበባ ገባ።

በዚያው በጦርነቱ ዓመት ጃፓን በአዲስ አበባ ሌጋሲዮን ከፍታ ነበር። በኅዳር 1929 ዓ.ም. ይህን ሌጋሲዮን ዘግታ በምትኩ ቆንስላ እንደምታቆም አስታወቀች። ትርጉሙ ግልጽ ነው፤ ሌጋሲዮን የሚቆመው በነጻ አገር መንግሥት ዘንድ ሲሆን፣ ቆንስላ ግን በሌላ መንግሥት በተያዘ ምድርም ሊቆም ይችላል። ጣሊያንም በአጸፋው ጃፓን በማንቹሪያ ምድር ባቆመችው መንግሥት ዘንድ ቆንስላ ለማቆም ተስማማች፤ በ1930 ዓ.ም. ደግሞ ያንኑ መንግሥት በይፋ ተቀበለች። በአጭሩ፣ ጣሊያንና ጃፓን ዕውቅና ተለዋወጡ። «ማኅደረ ብርሃን»ን የጻፉት ብላቴን ጌታ ኅሩይ በ1931 ዓ.ም. መባቻ በእንግሊዝ አገር በስደት ሳሉ ዐረፉ።

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ካለፈ በኋላ ግንኙነቱ በ1940ዎቹ መጨረሻ ላይ እንደ ገና ተቀጠለ። ንጉሠ ነገሥት ኃይለ ሥላሴ በኅዳር 1949 ዓ.ም. ጃፓንን ጎበኙ፤ በጦርነቱ ተሸንፋ ከዓለም ማኅበር ተለይታ ለቆየች አገር ይህ ጉብኝት ትልቅ ክብር ነበር። በኅዳር 1953 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ አኪሂቶና ባለቤታቸው ኢትዮጵያን ጎበኙ። ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. ደግሞ ሻምበል አበበ ቢቂላ በቶኪዮ ጎዳና ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሴኮንድ ሮጦ ለሁለተኛ ጊዜ አሸነፈ። የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ካደረገ ሁለት ወር እንኳ አልሞላውም ነበር። ከሁሉም አምባሳደሮች ይልቅ የኢትዮጵያን ስም በጃፓን ቤቶች ውስጥ ያስገባው እርሱ ነው ቢባል የሚቃወም ብዙ አይገኝም።

ንግዱም መልኩን ለወጠ። ከጃፓን የሚመጣው አቡጀዲ መሆኑ ቀርቶ የጭነት መኪና፣ ሚኒባስና ልዩ ልዩ መሣሪያ ሆነ፤ ከኢትዮጵያ የሚሄደውም ቡና ሆነ። የሐረር፣ የሲዳማና የይርጋ ጨፌ ቡና በጃፓን «ሞካ» በሚል ስም ይታወቃል፤ ስሙ የተወሰደው ከቀይ ባሕር ማዶ ካለው ከየመን ወደብ ነው። የሰው ልጅ ቡና የበቀለበትን አገር ትቶ ቡና የተጫነበትን ወደብ ማስታወሱ ያሳዝናል፤ ግን የንግድ ስም እንዲህ ነው። ጃፓን ከጀርመንና ከሳዑዲ ዐረቢያ ጋር ከኢትዮጵያ ቡና ዋና ዋና ገዢዎች አንዷ ሆነች።

በ2000 ዓ.ም. የጃፓን መርማሪዎች ከኢትዮጵያ በመጣ ቡና ላይ የፀረ ተባይ መድኃኒት ቅሪት አገኙ። ግዢው በአንድ ጊዜ አሽቈለቈለ። ብዙው የኢትዮጵያ ገበሬ ቡናውን ያለ ፀረ ተባይ መድኃኒት የሚያመርት ስለ ሆነ ነገሩ እንቈቅልሽ ሆነ። በመጨረሻ ጥርጣሬው የወደቀው በቡናው ላይ ሳይሆን ቡናው በተሞላበት ጆንያ ላይ ነው። ለሌላ ነገር ያገለገለ ወይም በመድኃኒት የተነከረ ጆንያ፣ በሁለት መንግሥታት መካከል ባለ ሥልጣኖችን ያመላለሰ ጉዳይ ሆነ። ገበሬው ያላጠፋው ጥፋት ከሱ ደጃፍ ደረሰ።

ለ. ቃላት

አብዛኞቹ ቃላት ከዐውዳቸው ይታወቃሉ። ለሚከተሉት ብቻ ፍቺ እንሰጣለን።

ሌጋሲዮን፦ ከኤምባሲ ዝቅ ያለ፣ በአምባሳደር ሳይሆን በሚኒስትር የሚመራ የውጭ አገር መልእክተኛ ጽሕፈት ቤት። ዛሬ በሥራ ላይ የሌለ ደረጃ ነው።

ቆንስላ፦ በአንድ ከተማ ተቀምጦ የዜጎቹንና የንግዱን ጉዳይ የሚከታተል የመንግሥት ጽሕፈት ቤት።

ዕውቅና፦ አንድ መንግሥት ሌላውን መንግሥት ወይም ይዞታውን ሕጋዊ ነው ብሎ መቀበሉ።

ቅሪት፦ ነገሩ ከሄደ በኋላ የሚቀር ጥቂት ርዝራዥ።

ሐ. ሰዋስው

ባለፉት ትምህርቶች አምስቱን አዕማደ ግሥ በየስማቸው አይተናል። ከምንባቡ ርእስ ጋር የሚሄዱ አራት ግሦችን ወስደን እናስታውሳቸው።

አድራጊ፦ ሸጠ፣ ገበየ፣ ለወጠ፣ ዐወቀ።
ተደራጊ፦ ተሸጠ፣ ተገበየ፣ ተለወጠ፣ ታወቀ።
ተደራራጊ፦ ተሻሻጠ፣ ተገበያየ፣ ተለዋወጠ፣ ተዋወቀ።
አስደራጊ፦ አስሸጠ፣ አስገበየ፣ አስለወጠ፣ አሳወቀ።
አደራራጊ፦ አሻሻጠ፣ አገበያየ፣ አለዋወጠ፣ አስተዋወቀ።

የተደራራጊው አመሠራረት በሁለት መንገድ ነው። በአንደኛው ከግሡ ፊደላት አንዱ ይደገምና የመጀመሪያው ድጋሚ ራብዕ ይሆናል፤ ነገረ፣ ተነጋገረ፤ ለወጠ፣ ተለዋወጠ። በሁለተኛው ሳይደገም የመጀመሪያው ፊደል ብቻ ወደ ራብዕ ይለወጣል፤ ወደደ፣ ተዋደደ፤ ገደለ፣ ተጋደለ። ነገር ግን በቅርጽ ብቻ አትታለሉ። «ተጓዘ» የሚለው ግሥ የተደራራጊ መልክ አለው፤ መንገደኛው ግን ብቻውን ሊጓዝ ይችላል። ግሡ ተደራራጊ መሆን አለመሆኑን የሚያረጋግጠው «እርስ በርስ» የሚለውን ሐረግ ስንጨምርበት ትርጉሙ ሳይጣረስ ሲቀር ነው።

አሁን ከምንባቡ ሦስት ዐረፍተ ነገሮች እናንሣ።

የመጀመሪያው፦ «ኢትዮጵያና ጃፓን የወዳጅነትና የንግድ ውል ተዋዋሉ።» እዚህ ባለቤቶቹ ሁለት ናቸው፤ ሁለቱም በአንድነት አድራጊም ተደራጊም ናቸው። ግሡ እኩል የገቡበት ሥራ መሆኑን ይነግረናል። የተዋዋሉትን ነገር የሚነግረን ግን ግሡ አይደለም፤ «የወዳጅነትና የንግድ» የሚለው ዘርፍ ነው። ውሉ የመረዳዳት ውል ነው አልተባለም፤ አንዱ ቢወረር ሌላው ይደርስለታል የሚል ቃል የለበትም። በ1927 ዓ.ም. ከጃፓን ርዳታ የጠበቁ ሰዎች ልባቸው የተሰበረው፣ ግሡን አይተው ዘርፉን ስላላስተዋሉ ነበር ብንል ከእውነቱ ብዙ አንርቅም። ውል ስታነቡ ከማሰሪያ ግሡ በፊት ያለውን ዘርፍ ሁልጊዜ ፈትሹ።

ሁለተኛው፦ «የሕንድ፣ የዐረብ፣ የግሪክና የአርመን ነጋዴዎች ሁለቱን አገሮች ያገበያዩ ነበር።» ይህ አደራራጊ ነው። አደራራጊ ግሥ በተደራራጊው ውስጥ የማይታይ ሦስተኛ ሰው ያመጣል። «ኢትዮጵያና ጃፓን ተገበያዩ» ስንል ደላላው፣ ባለ መርከቡ፣ በጅቡቲ የሚያራግፈው ወዛደር ሁሉ ይጠፋሉ፤ «አገበያዩ» ስንል ግን ይታያሉ፤ የነርሱ ትርፍም ይታያል። ስለ ንግድ የሚጽፍ ሰው አደራራጊውን ቢዘነጋ፣ የዕቃው ዋጋ በመንገድ ላይ ለምን እንዳደገ ማስረዳት አይችልም።

ሦስተኛው፦ «ጣሊያንና ጃፓን ዕውቅና ተለዋወጡ።» ይህን ዐረፍተ ነገር ቀስ ብላችሁ ተመልከቱት። አጭርና የተስተካከለ ነው። ባለቤቶቹ ሁለት ናቸው፤ ተሳቢው «ዕውቅና» ነው። ኢትዮጵያ የት አለች? የለችም። ማንቹሪያስ? እርሷም የለችም። ተደራራጊው ግሥ የሁለት ሰዎችን ስምምነት ሲናገር፣ የተለዋወጡት ነገር የሌላ ሰው ንብረት መሆኑን አይናገርም። ዐረፍተ ነገሩን ወደ አድራጊ ስንመልሰው ግን እንዲህ ይሆናል።

«ጃፓን ጣሊያን በኢትዮጵያ ላይ ያቆመችውን አገዛዝ ተቀበለች። ጣሊያንም ጃፓን በማንቹሪያ ያቆመችውን አገዛዝ ተቀበለች።»

አንዱ ዐረፍተ ነገር ሁለት ሆነ፤ ረዘመም። ነገር ግን የጠፉት ሁለት አገሮች ስማቸው ተመለሰ። («ተቀበለ» በ«ተ» ቢጀምርም ተደራራጊ አይደለም፤ ከላይ ስለ «ተጓዘ» ያልነውን አስታውሱ።)

ከዚህ በመነሣት ተደራራጊ ግሥ መጥፎ ነው እንዳይመስላችሁ። ሁለቱ ባለቤቶች ሥራውን በእርግጥ እኩል ሲሠሩት ከእርሱ የተሻለ ግሥ የለም። «መሪዎቹ ተጎበኛኙ» ብንል አንሳሳትም፤ በ1949 ዓ.ም. የኢትዮጵያው ንጉሠ ነገሥት ሄደዋል፤ በ1953 ዓ.ም. የጃፓኑ አልጋ ወራሽ መጥተዋል። ግሡ እውነቱን ልክ ይዟል። አቡጀዲውን በሚመለከት ግን «ተገበያዩ» ማለት የአንድ ወገን ሽያጭን የሁለት ወገን ማስመሰል ነው።

ሌላም ረቂቅ ልዩነት አለ። «ኢትዮጵያና ጃፓን ተዋወቁ» እና «ኢትዮጵያ ከጃፓን ጋር ተዋወቀች» የሚሉት ዐረፍተ ነገሮች አንድ አይደሉም። በሁለተኛው «ከ...ጋር» የሚለው አገባብ አንዷን አገር ባለቤት፣ ሌላዋን ተጓዳኝ ያደርጋታል፤ ወዳጅነቱን የፈለገችው፣ መልእክተኛ የላከችው፣ መጽሐፍ የጻፈችው ማን እንደ ነበረች ይጠቁማል። በ1924 ዓ.ም. ስለ ተደረገው ጉዞ ስትጽፉ የትኛውን ትመርጣላችሁ? መልሳችሁን ከምንባቡ ማስረጃ ጥቀሱለት።

መ. ድርሰት

በዚህ ክፍል «አንቀጽ» ስንል የድርሰትን አንቀጽ ማለታችን ነው፤ የቀድሞ ሊቃውንት ግሥን አንቀጽ ይሉት ስለ ነበረ እንዳይደናገራችሁ።

በመግቢያው ያነሣነው ተማሪ ከጻፋቸው አንቀጾች አንዱ በአሳቡ እንዲህ ያለ ነበር።

«ኢትዮጵያና ጃፓን የረጅም ጊዜ ወዳጆች ናቸው። ሁለቱ አገሮች በንግድ ተገናኝተዋል። ሁለቱ አገሮች ልዩ ልዩ ዕቃዎችን ይለዋወጣሉ። በዚህም ሁለቱ አገሮች ተጠቅመዋል።»

አራት ዐረፍተ ነገር፤ አራቱም ስለ «ሁለቱ»። አሁን እያንዳንዱን ግሥ «ማን? ምን? ለማን? በማን በኩል?» ብለን እንጠይቀውና አንቀጹን እንደ ገና እንጻፈው።

«በ1920ዎቹ ጃፓን ለኢትዮጵያ አቡጀዲ ትሸጥ ነበር። ጨርቁን በጅቡቲ በኩል የሚያስገቡት የሕንድና የዐረብ ነጋዴዎች ሲሆኑ፣ ርካሽ ስለ ነበረ የአሜሪካንን አቡጀዲ ከገበያ አስወጣው። ኢትዮጵያ በዚያን ጊዜ ቡና ነበራት፤ ጃፓን ግን የምትገዛው እጅግ ጥቂት ነበር። ቡናውን በብዛት መግዛት የጀመረችው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው። ሁለቱ አገሮች መገበያየት የጀመሩት ያን ጊዜ ነው ማለት ይቻላል።»

ልብ በሉ፤ «መገበያየት» የሚለው ተደራራጊ ቃል በመጨረሻው ዐረፍተ ነገር ላይ ብቻ መጣ። ቀድሞ ቢመጣ ባዶ በሆነ ነበር፤ አሁን ግን የሚሸከመው ነገር አለው። ሁለተኛው አንቀጽ ከመጀመሪያው የረዘመው በቃላት ጋጋታ አይደለም፤ በውስጡ ጨርቅ፣ ወደብ፣ ነጋዴና ቡና ስላለ ነው።

አያያዥ ቃላትንም ተመልከቱ። «ሲሆኑ»፣ «ስለ ነበረ»፣ «ግን» የሚሉት ምክንያትንና ተቃርኖን ያሳያሉ። በመጀመሪያው አንቀጽ ውስጥ ምክንያትም ተቃርኖም ስላልነበረ አያያዥ አላስፈለገም፤ «በዚህም» የሚለው ብቻ ገብቷል፤ እርሱም የሚያያይዘው ነገር የለውም። ድርሰታችሁ አያያዥ ቃል ሲያጣ፣ ብዙ ጊዜ ያጣው ቃሉን ሳይሆን አሳቡን ነው።

ዓመት ስትጽፉ አንድ አቆጣጠር ያዙ። በአንድ አንቀጽ ውስጥ የኢትዮጵያንና የአውሮፓን ዓመት እያቀላቀለ የሚጽፍ ተማሪ፣ ውሉ ከዘውዱ በዓል ሰባት ዓመት እንደ ዘገየ አድርጎ አንባቢውን ያሳስታል። ይህ ስሕተት በተማሪዎች ብቻ ሳይሆን በታተሙ መጻሕፍትም ውስጥ ይገኛል።

መልመጃ

1. በምንባቡ ውስጥ በእርሳስ ያሰመራችሁባቸውን ግሦች በሁለት ክፍል አስቀምጡ፤ በአንዱ ተደራራጊ የሆኑትን፣ በሌላው በ«ተ» ቢጀምሩም ተደራራጊ ያልሆኑትን። ለእያንዳንዱ «እርስ በርስ» የሚለውን ሐረግ በመጨመር መልሳችሁን አረጋግጡ።

2. የሚከተሉትን አድራጊ ግሦች ወደ ተደራራጊና ወደ አደራራጊ ለውጡ፤ ከዚያም በሁለቱም ዐረፍተ ነገር ሥሩባቸው፦ ነገረ፣ ወደደ፣ ረዳ፣ ከፈለ፣ ጠየቀ።

3. «ገዢዎችና ሻጮች በጆንያው ጉዳይ ተወዛገቡ» የሚለውን ዐረፍተ ነገር በአድራጊ ግሦች ገልጣችሁ፣ ያወቀው ማን፣ ያልገዛው ማን፣ የከሰረው ማን እንደ ሆነ የሚያሳይ አንድ አንቀጽ ጻፉ።

4. በምንባቡ ስለ ታሰበው ጋብቻ በተነገረው ክፍል «ሳይጋቡ ቀሩ» ተብሏል። በዚህ ግሥ ምትክ «ጋብቻው ፈረሰ» ብቻ ተብሎ ቢታለፍ ኖሮ ምን ይጐድል ነበር? ከሦስት ዐረፍተ ነገር ባልበለጠ መልሱ።

5. የሰፈራችሁ ሱቅ ወይም ገበያ ሄዳችሁ ከሩቅ አገር የመጡ ሦስት ዕቃዎችን ፈልጉ። ከየት እንደ መጡ ዕቃው ላይ ከተጻፈው አንብቡ፤ ባለ ሱቁንም ከማን እንደ ተረከባቸው በትሕትና ጠይቁ። ከዚያ አገር ጋር ኢትዮጵያ ምን እንደምትሸጥለት ወይም እንደምትገዛው ከቤተ መጻሕፍት ካገኛችሁት ጋር አስተያይታችሁ፣ ከ30 መስመር ያላነሰ ገላጭ ድርሰት ጻፉ። በድርሰቱ ውስጥ ተደራራጊ ግሥ ከሦስት ጊዜ በላይ አይግባ፤ የገባበትንም ቦታ በቀይ አስምሩበት።